ለሀይሉ የተጀመረው ሹራብ

አፀደ የጀመረችውን ሹራብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታየው ፊቷ በንዴት ጋለ። ከታች ለሰው ወገብ የሚሆን የነበረው ሥራ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየሰፋ፣ እየተንቦረቀቀ መጥቶ፣ አሁን ከጠረጴዛው ተርፎ በሁለቱም ጎን ተንጠልጥሏል። አክስቷ ወይዘሮ ተሻለች እንዝርታቸውን አቁመው አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ይኼ የሰው ነው የበቅሎ?» አሉ። «ግላስ ከሆነ ንገሪኝ፤ መርገፉን እኔ እሠራለታለሁ።»

አፀደ የተናደደችው በሹራቡ አልነበረም። እዚህ ያደረሳትን ሰው ታውቀዋለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ ደጅ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ይምጣ ብቻ፣ አለች በልቧ።

ሐምራዊው የሱፍ ክርና አሠራሩን የሚናገረው የእንግሊዝኛ ወረቀት ከአዲስ አበባ የመጡት በዚሁ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከጥምቀት በኋላ ነው። የላኩት ወይዘሮ አበራሽ የተባሉ የመቶ አለቃ ሀይሉ እናት ናቸው። የመቶ አለቃው በርስት ጉዳይ አሰላ መጥቶ የአፀደ አባት ባላምባራስ ወልደ ሚካኤል ቤት ምሳ ሲጋበዝ አይቷት ወደዳት። እናቱ ግን ጨርሶ አላዩአትም፤ ሳያዩአትም ጠሏት። ከክሩ ጋር የላኩት ቃል ይህ ነበር፦ ልጅቷ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ የፈረንጅ ሙያ ለምዳለች ስለተባለ ይህንን ሹራብ ለሀይሉ ትሥራለት፤ ከፋሲካ በኋላ ለቀለበት ሲመጣ ለብሶት ይመጣል። ካቃታት ግን ባለሙያ በአዲስ አበባም ሞልቷል።

አፀደ የመቶ አለቃውን ፈልጋው አልነበረም። ፊቱን ልታስብ ስትሞክር ከጢሙ በቀር የሚመጣላት የለም። የፈለገችው ከአሰላ መውጣት ነው። አምና በዚህ ወራት አስተማሪው ገብረወልድ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የሸማኔው የአቶ ገብረ መድህን ልጅ፣ በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ድረስ የተማረው። አባቷ ሽማግሎቹን ከደጅ መለሷቸው። እነሱም በዚያው ቀሩ፤ ሁለተኛ አልመጡም። ከዚያ ወዲህ ገበያ በወጣች ቁጥር የምትሰማው ሹክሹክታ አንድ ነው፦ «የሸማኔ ልጅ እንኳ ጠይቋት ተዋት።» ሹራቡን መጨረስ ማለት እንግዲህ ለማታውቀው ሰው ቀለበት እጅን መስጠት ማለት ነው። አፀደ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ትጨርሰዋለች፤ ወይዘሮ አበራሽን አፍ ለማስያዝ፣ ይህንንም ከተማ ጀርባ ለመስጠት።

ችግሩ ወረቀቱ ነበር። አፀደ ሹራብ የተማረችው በዓይን ነው፤ ፈረንጅዋ መምህርት ትሠራለች፣ ልጃገረዶቹ አይተው ይከተላሉ። በጽሑፍ ሲመጣ ግን አንድ መስመር እንኳ ልትፈታው አልቻለችም። አባቷ ይህንን ሲሰሙ፣ መንግሥት ለእንግሊዝኛ ደመወዝ የሚከፍለው ሰው እያለ ምን ያስጨንቃል አሉና ለትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ላኩ። ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይዘነጉት ነው። እንዲያውም ስለማይዘነጉት ነው። የልጃቸውን የሙሽራ ሹራብ ያ ሰው ተርጉሞ ሲሰጥ ማየት ሳያስደስታቸው አልቀረም።

ገብረወልድም መጣ። መጀመሪያ የመጣ ቀን በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ወንበር ያቀረበለት የለም። አፀደን «እንደምን ዋሉ» አላት። አምና «አንቺ» ሲላት ድምፁ ዝቅ ይል ነበር፤ የአሁኑ «እርስዎ» እንደ ጥፊ ተሰማት። እሷም «ደህና፣ መምህር» ብላ ወረቀቱን ከሩቅ ዘረጋችለት።

ወረቀቱ ላይ ሙሉ ቃል ጥቂት ነው፤ የቀረው ፊደልና ቁጥር ነው። ኬ ሦስት፣ ፒ ሁለት፣ ይላል። ገብረወልድ ይዞት የመጣውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ገልጦ «ኬ»ን ፈለገና፣ የእንግሊዝኛ አሥራ አንደኛው ፊደል ነው ብሎ በትዕግሥት ነገራት። ይህንንስ እኔም አላጣሁትም፣ አለችው። ወይዘሮ ተሻለች ከማዶ ሆነው፣ ለዚህ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዓመት ኮሌጅ የተቀመጠው ብለው ጠየቁ።

እሱ አልተቆጣም። መጽሐፉን ዘጋና እጇ ላይ ያሉት ሁለት መርፌዎች ምን ምን መሥራት እንደሚችሉ እንድታሳየው ለመናት። ሁለት ነገር ብቻ ነው፣ አለችው፤ ክሩን ከኋላ አድርጎ መሳብ ወይም ከፊት አድርጎ መግፋት። እንግዲያው አንደኛው ኬ፣ ሌላኛው ፒ መሆን አለበት አለ። ወረቀቱ ላይ ካለው ሥዕል ጋር እያስተያዩ ሞከሩት፤ ልክ ሆነ። ሁለቱም በአንድ ሥራ ላይ አጎንብሰው ኖሮ ቀና ሲሉ ፊታቸው ተቀራርቧል። የእሱ ዓይን እሷ ላይ ቆየ። እሷም ዓይኗን ማንሳት ሲገባት አላነሳችም። ወይዘሮ ተሻለች ሲያስሉ ገብረወልድ ወደ አግዳሚው ተመለሰ፤ ያን ቀን ማታ አፀደ እራት መብላት አልቻለችም።

ቀጥሎ ኮከቧ መጣች። በየመስመሩ መካከል ትንሽ ኮከብ ተቀምጣለች፤ ከወረቀቱ ግርጌም አንዲት ኮከብ አለች፤ ከጎኗ «ለወፍራም ሰው ሁለት ዓይን ይጨመር» ተብሎ ተጽፏል። ዓይን የሚባለው መርፌው ላይ የሚሰለፈው እያንዳንዱ የክር ቀለበት ነው። ገብረወልድ ኮሌጅ ያነበባቸው መጻሕፍት ሁሉ ኮከብ ሲያደርጉ ወደ ግርጌ ማስታወሻ ይልካሉ። እንደዚያው ተረጎመውና፣ ሰውየው ወፍራም ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። አፀደ ስለ መቶ አለቃው ደረት የምታውቀው ነገር አልነበረም። ግን አንዳች ክፉ ነገር ውስጧ ተነሥቶ፣ «ደረተ ሰፊ ነው፤ እንዳንተ የቀጨጨ አይደለም» አለችው። እሱ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦ ኮከብ ባለበት ሁሉ ሁለት ዓይን ይጨመር። በየመስመሩ መጨረሻ «ከኮከቧ ይደገም» የሚለውንም፣ ጭማሪው ይደገም ማለት ነው ብሎ ተረዳው። እሷ በእልህ ጨመረች። ሹራቡም ሰፋ።

ያን ቅዳሜ ገብረወልድ ሲገባ አፀደ ቆማ ጠበቀችው።

«ና እይ፣ መምህር» አለችው። «የመቶ አለቃው ደረት ይኸውልህ።»

ገብረወልድ ሥራውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ጫፉን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው፤ ወረቀቱን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። እርጋታው ነበር ይበልጥ ያቃጠላት።

«ስህተት አለበት» አለ።

«ስህተት አይደለም፤ ተንኮል ነው። የመቶ አለቃው እናት አይተው ተንከትክተው እንዲስቁብኝ ነው። አንተ አትፈልገኝ፣ ለፈለገኝ ሰው ደግሞ አትተወኝ።»

የገብረወልድ ፊት ጠቆረ። ወይዘሮ ተሻለች እንዝርታቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ብዙ ነገር ሊሉኝ ይችላሉ» አለ ቀስ ብሎ። «በክር ግን አልዋሽም። ያደግሁት በክር ነው።»

በዚያ ቤት ውስጥ የአባቱን ሙያ በአፉ ያነሣል ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም። እሱ ሌላ ክር እንድትጀምርለት ጠየቃትና ወረቀቱን ከላይ አንሥቶ እንደገና ማንበብ ጀመረ። ኮከቧ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሦስቴ መላልሶ አነበባት። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ሆኖ፣ አባቱ የነጠላ ጥለት ሲሠራ መነሻዋን በልቡ ይዞ እንደሚቆጥር፣ ሲጨርስ እዚያችው መነሻ ላይ ተመልሶ እንደሚጀምር፣ እስከ ነጠላው ጠርዝ እንዲህ እንደሚሄድ ተናገረ። የመስመሮቹ ኮከብ ወደ ግርጌ አትልክም አለ፤ ከእሷ ጀምሮ ያለውን እስከ መስመሩ ጫፍ መደጋገም ነው። የግርጌዋ ኮከብ ለብቻዋ ናት፤ የሚመለከታትም የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ ሁለቱን ያገናኘኋቸው» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

አፀደ እያነበበላት ሠራች። መስመር በመስመር ላይ ሲጨመር፣ ጎኑ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ እንደ ስንዴ ዛላ ያለ ጉብጉብ እያበጠ ወጣ፤ ሥዕሉ ላይ ያለው ራሱ። ሳታስበው ፈገግ አለች። ቀና ስትል ገብረወልድም ፈገግ ብሏል፤ የአምናው ፈገግታ ነው፣ ምንም አልጎደለበትም። ያኔ ዓመት ሙሉ አፍና የያዘችው ነገር ፈነዳ።

«ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ የምታውቅ ሰው» አለችው፣ «ሽማግሌ አንዴ ብቻ ይቆማል የሚለውን ከየትኛው መጽሐፍ አነበብከው?»

ፈገግታው ጠፋ። «ስለምን ነው የሚያወሩት?»

«ስለ አምናው ነዋ። ልከህ ስለቀረኸው።»

«የቀረሁት ስለተሰደብኩ ነው» አለ፤ «እርስዎ» ከአፉ ወድቆ ነበር። «አባትሽ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ሸማኔ በሚሰደብበት ስም፣ ቁጢት በጣሽ ደጄን አይረግጥም ነው ያሉት። ሽማግሌዬ አቶ ሀሰኖ ቃሉን በአማርኛ ሊደግሙት አፍረው በኦሮምኛ ነው የነገሩኝ። አንቺም ከጓዳ ሆነሽ ስቀሻል። ሁሉም ሰምተውሻል።»

«ስቄያለሁ» አለች አፀደ። «ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት። መጡልኝ ብዬ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያልተሰደበ ሽማግሌ የት ታውቃለህ? ሦስቴ ይመላለሳሉ፤ ሕፃን የሚያውቀው ነው። እትዬን ጠይቃቸው።»

ወይዘሮ ተሻለች መጠየቃቸውን አልወደዱትም። ቢሆንም እውነት ሲጠየቁ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። «የኔዎቹን ሽማግሎች አባቴ ውሻ ነው የለቀቁባቸው» አሉ። «ያንደኛው ነጠላ ተተለተለ። ሦስተኛው ቀን ያንኑ የተተለተለ ነጠላ ለብሶ መጥቶ ቆመ፤ አባቴ አፍረው እሺ አሉ።»

«የእርስዎ ባል የሸማኔ ልጅ አልነበሩም፣ እትዬ» አለ ገብረወልድ።

አሮጊቷ አሰቡት። «አልነበረም» አሉና እንዝርታቸውን ማሾር ጀመሩ።

ገብረወልድ ወደ አፀደ ዞረ። «ሦስት ጊዜ መመላለስ ለእኩያ ነው። አቶ ሀሰኖ ነገ እንመለስ ብለውኝ ነበር፤ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ በዚህ ግቢና በዘመዶቻችሁ ሥራ ነው የሚኖረው። ልጄ፣ ሁለተኛ ከላክህ እጄን አጣጥፌ መቀመጤ ነው ብሎ አለቀሰብኝ። የአባቴን እንባ አይቼ እንዴት ደግሜ ሽማግሌ ልላክ?»

ይህንን አልሰማችም ነበር። ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ እንዲያውም የሚያርፍበት ሲያጣ ባሰበት። ለምን አልነገርከኝም አለችው። ቤተ ክርስቲያን ስታዪኝ ፊትሽን ስታዞሪ የት አግኝቼ ልንገርሽ አላት። የሚያዞረው አንተ ነህ አለች። አንቺ ነሽ አለ።

«ሁለታችሁም ታዞራላችሁ» አሉ ወይዘሮ ተሻለች። «እኔ ሁልጊዜ ከኋላችሁ ነኝ።»

«ባትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር» አለችው አፀደ በመጨረሻ። «ያልተጠየቀች ሴት ቀና ብላ ትሄዳለች። አንተ ጠይቀህ ተውከኝ፤ አባቴ አንዴ ሰደቡህ፣ እኔን ግን ከተማው ዓመት ሙሉ ሰደበኝ።»

ገብረወልድ መዝገበ ቃላቱን አንሥቶ ብብቱ ውስጥ አደረገ፤ ወረቀቱ ከእንግዲህ ግልጽ ነው፣ የቀረውን ያለ እኔ መጨረስ ትችያለሽ አላት። እጨርሰዋለሁ አለችው። በሩ ሲዘጋ ጭላሎ ተራራ ላይ የተቀመጠው ጉም ወደ ከተማው ይወርድ ነበር፤ እሱ በዚያ ውስጥ ሲጠፋ አፀደ በመስኮት ቆማ፣ ዞር ቢል በምን ዓይን እንደምታየው ሳታውቅ፣ ዞር እንዲል ለመነች።

አልዞረም።

የሰፋውን ተርትራ ከመነሻው ጀመረች። አሁን መርፌዋን የሚያደናቅፈው የለም። የወገቡ ዙሪያ አለቀ፣ ደረቱ ተጋመሰ፤ ሥራው እንደ ሥዕሉ ሆኖ ወጣ። የሚያዩት ሁሉ አደነቁት፤ አባቷም በጣታቸው ዳስሰው፣ አበራሽ ምን እንደምትል አያለሁ ብለው ሳቁ። አፀደ ግን ባማረ ቁጥር ጠላችው። ጭኗ ላይ ሲያድግ፣ ቀስ በቀስ የአንድ የማታውቀው ወንድ ትከሻና ሆድ እየሆነ ሲመጣ፣ እያለበሰችው ያለችው ሰው እንደሚያቅፋት እያሰበች ጀርባዋን ይሰቀጥጣታል። አንዳንዴ ሆን ብላ አንድ ዓይን ትዘላለች። ኩራቷ አያስችላትም፤ መልሳ ታርመዋለች። ፋሲካ ቀረበ። የቀሩት እጅጌዎቹ ብቻ ሆኑ።

በሆሣዕና እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የበልግ ዝናብ ያካፋ ነበር። አፀደ ግራ እጅጌው ላይ ሳለች የአባቷን ድምፅ ከበረንዳው ሰማች።

«ደግሞ መጣችሁ?»

መርፌው ከእጇ ወደቀ። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ሽማግሎቹን ግቢው መካከል ቆመው አየቻቸው። አቶ ሀሰኖ ነጋዴው ኮፍያቸው ረጥቦ ከፊት ናቸው፤ አጠገባቸው አምናም አብረዋቸው መጥተው የነበሩት ቄስ አሉ። ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሦስተኛ ሰው ነበር፤ አጭር፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ የያዘ። ሸማኔው ገብረ መድህን ነው። የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይቆምም፤ እንዲህ ያለ ወግ የለም። እሱ ግን ቆሟል።

ባላምባራስ ያዩት እሱን ነበር። ስድባቸው የአምናውን አስረሳ። ልጅቷ የተሰጠች ናት አሉ፤ እጇ የባሏ ሹራብ ላይ ነው። ሀሰኖን፣ እርስዎ የተከበሩ ነጋዴ ሆነው ከማን ጋር እንደቆሙ አያፍሩም ወይ አሏቸው። አቶ ሀሰኖ፣ «ባላምባራስ፣ የመጣነው ልንቆም ነው፤ ያሻዎትን ይበሉ» ብለው በእርጋታ መለሱ። ከዚያ ባላምባራስ ወደ ሸማኔው ዞሩ።

«አንተ፣ አባቴ የሞቱ ጊዜ የተገነዙበትን ጋቢ የሠራህ ሰው» አሉት፣ «ከነገ ጀምሮ በዚህ አገር ክር የሚሰጥህ ሰው ካገኘህ እኔ ወልደ ሚካኤል አይደለሁም።»

ሸማኔው አንገቱን ደፋ። እግሩ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ገብረወልድ እዚያ አልነበረም፤ ወጉም አይፈቅድለትም። ግን አባቱን የላከው እሱ ይሁን፣ ወይስ አባቱ ራሱ ተነሥቶ ልጁን አስገድዶት እንደሆነ፣ አፀደ በዚያ የጎበጠ ትከሻ ላይ ልታነብ ሞከረች። ልቧ ውስጥ የነበረው ቂም ሁሉ ባንድ ጊዜ ቦታ ለቀቀ፤ በቦታው የገባው ግን እፎይታ አልነበረም፤ እፍረት ነው። እሷ ስትጠብቅ የኖረችው ሌላ ሰው መጥቶ እንዲሰደብላት ነበር።

ከወንበሯ ላይ ነጠላዋን አነሣች። ወይዘሮ ተሻለች ወዴት ነሽ አሏት። ወደ ውጭ አለች። «ነውር ነው፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ፤ ሊይዟት ግን እጃቸውን አልዘረጉም።

አባቷን በበረንዳው በኩል አልፋ ደረጃውን ወረደች፤ ግቢውን አቋረጠች። ከሸማኔው ጎን ስትደርስ ዞር ብላ ቆመች፤ እንደ እነሱ፣ ፊቷን ወደ ቤቱ አድርጋ። ቄሱ «በስመ አብ» ሲሉ ተሰሙ። ለራሷ ሽማግሌ ሆና የቆመች ሴት ልጅ አሰላ አይታ አታውቅም።

«አባባ» አለች፣ «ሹራቡን አልጨርሰውም። ለወይዘሮ አበራሽ ክራቸውን ይመልሱላቸው።»

ዝናቡ ከቆርቆሮው ጫፍ ባላምባራስ ፊት ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ እሳቸውም አልጠረጉትም።

«ግቢ» አሉ በኋላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጩኸታቸውን ለምዳዋለች፤ ይህንን ድምፅ ግን አታውቀውም።

አልገባችም። አቶ ሀሰኖ አንገታቸውን ሳያዞሩ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አሉ፤ ለእሷም በሰልፉ ውስጥ ቦታ ሆነላት። ከጎኗ ሸማኔው በዝግታ ሲተነፍስ ትሰማዋለች። አባቷን ምን ያህል እንደምትወዳቸው በዚያች ሰዓት ገባት፤ ከዛሬ በኋላ እሳቸው እንደ ድሮው እንደማያዩአትም። ብርዱ የት አብቅቶ ፍርሃቱ የት እንደሚጀምር መለየት አቃታት። ከሁለቱ መካከል አንዳች ሞቅ ያለ ነገር ነበር፤ ደስታ ብላ ልትጠራው ግን ገና አልደፈረችም።